ማኪያቶዬን የከለከለኝ ማን ነው? ስለ አዋቂ ሰውና ስለ ወተት በድሬዳዋ የተደረገ ንግግር

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን የእድር አዳራሽ ለተሰበሰቡ ጎረቤቶቼ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከተቀዳው ድምፅ ሲገለበጥ ጥቂት ቃላት ከማረሜ በቀር እንዳለ ትቼዋለሁ።)

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ለሙስሊም ወገኖቼ አሰላሙ አለይኩም። በዚህ በድሬ ሙቀት፣ የቅዳሜ በርጫውን ትቶ ስለ ወተት ለመስማት የመጣ ሰው ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። በርጫውን በኪሱ ይዞ የመጣም ካለ አላየሁም ብዬ አልፋለሁ።

የእድሩ ሰብሳቢ ይህን ርእስ የሰጡኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ወር ከአንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ አንዱ ጎረቤታችን «ወተት የጥጃ ነው፤ አዋቂ ሰው ወተት መጠጣት የለበትም» ሲሉ፣ ሌላው ደግሞ «እኔ ሰባ ዓመቴ ነው፣ እስከ ዛሬ ያቆመኝ ወተት ነው» ብለው ተነሡ፤ ነገሩም ለቅሶውን እስኪያስረሳ ድረስ ተካረረ። ያን ዕለት ዝም ያልኩት የማውቀው ነገር ጠፍቶብኝ ሳይሆን፣ ሁለቱም በከፊል ልክ ስለ ነበሩና ይህን በለቅሶ ቤት ማስረዳት ስለማይቻል ነው። ዛሬ ግን ሰዓት ተሰጥቶኛል።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። መጀመሪያ ወተት ለማን ይስማማል፣ ለማን አይስማማም፣ ለምንስ? ቀጥሎ ወተት የማይጠጣ አዋቂ ምን ይጎድልበታል? በመጨረሻም፣ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው፣ የምንጠጣው ወተት እንዴት ያለ ወተት ነው?

ከራሴ ልጀምር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት ከዚራ በሚባለው ሰፈር ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ በባዶ ሆዴ፣ አንድ ትልቅ ማኪያቶ የመጠጣት ልማድ ነበረኝ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሁለት። ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ቁርጠት ይይዘኛል፤ በሽተኛ ፊት ተቀምጬ እኔ ራሴ ከበሽተኛው ይልቅ ደጅ ደጁን አያለሁ። የጤና ባለሙያ ነኝና ምን አደረግሁ? እንደ ሀገራችን ሰው ሁሉ ሰገራዬን አስመረመርሁ። አንድ ጊዜ «ጃርዲያ ነው» ተባልኩ፣ ሌላ ጊዜ «አሜባ ነው» ተባልኩ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሜትሮኒዳዞል ዋጥሁ። ያንን መድኃኒት የዋጠ ሰው አፍ ውስጥ የሚቀረውን የብረት ጣዕም ያውቀዋል። ሆዴ ግን እንደ ነበረ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ጾምኩ። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሆዴ አንድም ቀን አልጮኸም። ጸሎቴ ተሰማ ብዬ ደስ አለኝ። በፋሲካ ማግስት ማኪያቶዬን ጠጣሁ፤ ሆዴም ካለፈው ሁሉ የባሰ ተነሣብኝ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ሳቀችና «አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ የአባትህ ሆድ ነው። እሱም ወተት ከጠጣ ጫማውን ሳያወልቅ ነበር ወደ ደጅ የሚሮጠው» አለችኝ። ፊደል ያልቆጠረች እናቴ ከአራት የላቦራቶሪ ወረቀት የተሻለ መረመረችኝ።

አሁን የሆነውን ላስረዳ። በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ይህ ስኳር ከሁለት ትናንሽ ስኳሮች የተያያዘ ስለ ሆነ፣ ትንሹ አንጀታችን ላክቴዝ በሚባል ኢንዛይም ካልቆረጠው በቀር ወደ ደም አይገባም። ሕፃን ሲወለድ ይህ ኢንዛይም ሞልቶለት ነው የሚወለደው፤ የእናት ጡት ወተት ከላም ወተት የበለጠ ላክቶስ አለበትና። ሕፃኑ ጡት ከጣለ በኋላ ግን በአብዛኛው የሰው ዘር ዘንድ ኢንዛይሙ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ከዓለም አዋቂዎች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እንዲህ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ! ስለዚህ ይህ በሽታ ነው ልንል እንችላለን? አንችልም። በሽታ አይደለም። ጡት መጣልን በሽታ የሚል ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ ይህንንም በሽታ ማለት አይገባም። ያልተቆረጠው ላክቶስ ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ውኃ ይስባል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎችም ያብላሉትና ጋዝ ይሆናል። የእኔ ሆድ ጩኸት ይኸው ነበር።

ታዲያ ከሦስቱ አንዱ ለምን እስከ ሽምግልናው ድረስ ያለ ችግር ይጠጣል? ከብት ማርባት የጀመሩ ሕዝቦች መካከል፣ ባለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት፣ ኢንዛይሙ ከልጅነት በኋላ እንዳይዘጋ የሚያደርግ ለውጥ በዘረ መል ላይ ስለ ተገኘና ያ ለውጥ ለወረሱት ሰዎች ስለ ጠቀመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የአውሮፓውያኑ ለውጥ ታወቀ። በ2007 ደግሞ ከታንዛኒያ፣ ከኬንያና ከሱዳን በተሰበሰበ ናሙና የምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች በራሳቸው መንገድ፣ በሌላ ለውጥ፣ እዚያው ውጤት ላይ እንደ ደረሱ ተረጋገጠ። ግመል አርቢዎቹ ዓረቦችም የራሳቸው አላቸው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በ2013 የታተመው፣ በሀገራችን ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ነው፤ በኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ለውጥ ብቻ ሳይሆን ብዙ ዓይነት ለውጥ ጎን ለጎን እንዳለ አሳይቷል። ይህ ማለት በዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ኦሮሞውም ሶማሌውም ሐረሪውም አማራውም ጉራጌውም በተቀላቀለበት በዚህ ወንበር ላይ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ አንድ ሊትር ጠጥቶ ይተኛል፣ ሌላው በአንድ ስኒ ይታወካል ማለት ነው። በመልክ አይታወቅም። በብሔርም አይታወቅም። ድንኳን ውስጥ የተከራከሩት ሁለቱ ጎረቤቶቻችን እያንዳንዳቸው የተናገሩት ስለ ገዛ ሆዳቸው ነበር፤ ስሕተታቸው የራሳቸውን ሆድ ለሰው ሁሉ ማውረሳቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወጣት ሳለሁ ለክትባት ዘመቻ ወደ ሽኒሌ አካባቢ ወርደን ነበር። አንድ ግመል አርቢ ሽማግሌ በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ የግመል ወተት አቀረቡልን። እሳቸው ጠዋት ከዚያ ዕቃ ጠጥተው እስከ ማታ ሌላ ምግብ አይቀምሱም፤ እኔ ግን እንግዳ ሆኜ አልጠጣም ማለት ነውር ነውና ጠጣሁ። በመመለሻው መንገድ ሾፌሩን ሦስት ጊዜ አስቆምሁት። በማግስቱ ስንመለስ ሽማግሌው ነገሩን ሰምተው ኖሮ በአስተርጓሚ በኩል «ሆድህ ገና አላወቀውም፤ ሳምንት ብትቀመጥ ይለምድ ነበር» አሉኝ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን እንደ ተረዳሁት፣ ላክቴዝ የሌለው ሰው እንኳ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወተት ቢወስድ ኢንዛይሙ ባይመለስለትም በትልቁ አንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች ላክቶስን ብዙ ጋዝ ሳያወጡ ማብላላት ይለምዳሉ፤ ሲቋረጥ ደግሞ ልምዱ ይጠፋል። የፋሲካ ማግስቱን ማኪያቶዬን አስታወሳችሁ? ባክቴሪያዎቼም ሃምሳ አምስት ቀን ጾመው ነበር።

«ሌላ እንስሳ ካደገ በኋላ ወተት አይጠጣም» የሚለውን ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ አይጠጣም። ሌላ እንስሳ ሽሮም አይሠራም። ፍየል ጫት ልትቀጥፍ ትችል ይሆናል፤ በርበሬ ስትቀነጥስ ግን አላየሁም። ይህ ክርክር በዚህ ይብቃው።

ሌላው ነገር መጠን ነው። አንድ ሩብ ሊትር የላም ወተት ወደ 12 ግራም ላክቶስ አለው፤ ኢንዛይሙ ያነሰባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ያለ ብዙ ችግር ይችሉታል፣ በተለይ ከምግብ ጋር ከሆነ። የእኔ ጥፋት በባዶ ሆድ መጠጣቴና ሁለተኛውን ማስከተሌ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እናቶቻችን ማቀዝቀዣ ሳይኖራቸው መላውን አግኝተውት ኖረዋል። እርጎ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን ይበሉታል፤ ሆዳችን ከገቡም በኋላ የቀረውን ለመቁረጥ ያግዛሉ። አይብ ሲወጣ አብዛኛው ስኳር ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ንጥር ቅቤ ውስጥ ከነጭራሹ የለም ቢባል ይቀላል። ሶማሌ ወገኖቻችን ዳናን የሚሉት የረጋ የግመል ወተትም ከዚሁ ወገን ነው። በገጠር በሆጃ ውስጥ፣ በቡናው ገለባ ወይም ቅጠል ላይ የሚጨመረው ወተት ደግሞ መጠኑ ትንሽ ነው። ስለዚህ «ወተት አይስማማኝም» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «እርጎስ?» ብዬ ነው። ከአሥሩ ብዙዎቹ «እርጎ እንኳ ምንም አይለኝ» ይሉኛል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልግባ፤ ይኸኛው አጭር ነው። ወተት የማይጠጣ አዋቂ ምን ይጎድልበታል? ሰው ሁሉ «አጥንት» ይላል። አንድ ሩብ ሊትር ወተት 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ለአዋቂ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ገደማ ይመከራል። ብዙ ነው፣ ቀላልም ነው። ነገር ግን የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ የሆነ ጎረቤታችሁን ተመልከቱት፤ ከዓመቱ እኩሌታ በላይ ወተት አይነካም፤ እስከ ዛሬም ቆሞ ይሄዳል። ጤፉ ከስንዴና ከበቆሎ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ካልሲየም አለው፤ የእንጀራው መቡካትም እንዲመጠጥ ይረዳል። ጎመኑም አለ። እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ፣ ጎመንና ቆስጣ አንድ አይደሉም፤ በቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይዞ ስለሚያስቀረው ሆዳችን የሚያገኘው ጥቂት ነው። ለአጥንት ፀሐይም ያስፈልጋል፤ የድሬ ፀሐይ ለማንም አታንስም፣ ከቤት የማይወጡ አረጋውያን ግን በማለዳዋ ቢቀመጡ መልካም ነው። ከወተት የሚገኝ፣ ከጎመን ግን ፈጽሞ የማይገኝ አንድ ነገር ቫይታሚን ቢ12 ነው። ሥጋና እንቁላል ለሚበላ ሰው አያሳስብም። ሁሉንም የተወ ሰው፣ በዕድሜ የገፋ ሰው፣ እንዲሁም ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስድ ሰው ግን ይህን ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገርበት ደግ ነው።

ብዙ በጠጣሁ ቁጥር ብዙ እጠቀማለሁ የሚል ካለም ልመልስለት። እ.ኤ.አ. በ2014 በስዊድን ከ61 ሺህ በላይ ሴቶችንና ከ45 ሺህ በላይ ወንዶችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለ ጥናት ታትሞ ነበር። በቀን ሦስት ብርጭቆና ከዚያ በላይ የሚጠጡት ሴቶች የአጥንት ስብራታቸው አልቀነሰም፣ ሞታቸው ግን በልጦ ተገኘ፤ እርጎና አይብ የሚያዘወትሩት ደግሞ በተቃራኒው። በ2018 የታተመ፣ በ21 ሀገሮች ከ136 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት በበኩሉ ወተትና የወተት ውጤት የሚወስዱት ሰዎች ሞታቸው አንሶ አገኘ። የቱን እንመን? ሁለቱም ሰዎችን ከሩቅ የተከታተሉ እንጂ ወተቱ ብቻውን ያደረገውን የለዩ አይደሉም፤ የስዊድኖቹ ተመራማሪዎች ራሳቸው በጥንቃቄ እንዲነበብላቸው ለምነዋል። እኔ ከሁለቱ የምወስደው ይህን ነው፦ በቀን አንድ ወይም ሁለት ስኒ የሚስማማው አዋቂ አይፍራ፤ ወተት የማይጠጣም አዋቂ ሌላውን ምግቡን ካሟላ አይጨነቅ። ካናዳ እንኳ በ2019 ባወጣችው የአመጋገብ መመሪያ ወተትን ለብቻው ከደረደረችበት ቦታ አንሥታ ከሌሎቹ የፕሮቲን ምግቦች ጋር ቀላቅላዋለች። የዋጋውን ነገር ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለብዙዎቻችን ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም የማላይ» ሆኗልና፣ ሦስት ብርጭቆ የሚጠጣው ስዊድናዊ ያጋጠመው ችግር እኛን ቶሎ አያገኘንም።

አሁን ወደ ሦስተኛው። እባካችሁ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በሥራ ላይ ሳለሁ አንድ የባጃጅ ሾፌር ወደ እኔ መጣ። ሦስት ወር ሙሉ ትኩሳት ይመጣበታል፣ ይሄድለታል፤ ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፤ ወገቡና መገጣጠሚያው ይቆረጣጠማል። ከአንድ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲዞር «ታይፎይድ» ብለው አከሙት፣ «ወባ» ብለው አከሙት፣ እንደገና «ታይፎይድ» አሉት። ምን እንደሚጠጣ የጠየቀው አልነበረም። እኔም መጀመሪያ አልጠየቅሁትም፤ ሲወጣ በር ላይ ነው ትዝ ያለኝ። «ወንድሜ፣ ወተት ትጠጣለህ?» ስለው «አቦ፣ የግመል ወተት ነው እንጂ ሌላ ምን አለኝ! ጠዋት ጠዋት ቀፊራ ገበያ ከሴቶቹ ጀሪካን ይቀዳልኛል» አለኝ። ሳይፈላ? ሳይፈላ። የደም ምርመራው ብሩሴሎሲስ ሆነ፤ ይህም ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያ ከእንስሳ ባልፈላ ወተት በኩል ወደ ሰው ሲገባ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ወስዶ ዳነ።

የግመል ወተት ሲፈላ ኃይሉ ይሄዳል የሚል እምነት በከተማችን ሰፊ ነው፤ የሚሉትን ሰዎች አልንቃቸውም፣ ብዙዎቹ ከእኔ ይልቅ ግመልን ያውቃሉ። ነገር ግን የግመል ወተት ከላም ወተት የሚበልጥበት ቫይታሚን ሲ ጥቂት ቢቀንስ፣ ብሩሴላ ከሚገባብን አይሻልም? በላም ወተት በኩል የሚመጣው የሳንባ ነቀርሳ ዓይነትስ? ወተት ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ በደንብ ፈልቶ ከተነሣ እነዚህ ሁሉ ይሞታሉ። ፋብሪካ የሚያደርገው ከዚህ ያነሰ ነው፤ በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ወይም በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያሞቀዋል፣ በቃ። ዕቃውን በወይራ ማጠን ዕቃውን ያጸዳል፣ መዓዛም ይሰጣል፤ በወተቱ ውስጥ የገባውን ብሩሴላ ግን አይገድልም። መርጋቱም አይገድለውም። ስለዚህ እርጎ የምታረጉ እናቶች፣ አስቀድማችሁ አፍሉት፣ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ እርሾ ጣሉበት። አስቀድማችሁ አፍሉት እላለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ አስቀድማችሁ አፍሉት።

ማፍላት የማያስወግደው አንድ ነገር ግን አለ። ላሟ የሻገተ መኖ፣ በተለይ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ከበላች፣ ከሻጋታው የሚወጣው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ወደ ወተቷ ያልፋል፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ በተሰበሰበ ወተት ላይ በ2016 የታተመ ምርመራ ይህንኑ አሳይቷል። እሳት ይህን መርዝ አያጠፋውም። ጥንቃቄው በላሟ በረት ነው፤ ጓሯችሁ ላም ያላችሁ፣ ፋጉሎውን ከእርጥበት ጠብቁት፣ የሻገተውን ጣሉት።

ስለ ግመል ወተት አንድ ነገር ብዬ ወደ ማብቂያዬ ልሂድ፤ ምክንያቱም ሳልናገር ብወርድ እቆጫለሁ። አንዲት እናት፣ እማማ እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤቴ፣ «የግመል ወተት ስኳርን ያጠፋል» ተብለው ኢንሱሊናቸውን ለሦስት ቀን አቋረጡ። ራሳቸውን ስተው ነው ያገኘናቸው። ከሕንድ ራጃስታን የወጡ፣ ጥቂት ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች የግመል ወተት የኢንሱሊኑን መጠን ሊቀንስ እንደሚችል ጠቁመዋል፤ መቀነስና ማቋረጥ ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፣ መቀነሱም የሐኪም ሥራ ነው። እማማ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ታሪኩን እንድናገር ፈቅደውልኛል፣ «ንገራቸው፣ እኔን አይተው ይማሩ» ብለውኛል።

ወተት ይስማማኝ ይሆን ብሎ የሚጠራጠር ካለ፣ ሜትሮኒዳዞል ከመዋጡ በፊት ይህን ይሞክር። ለሁለት ሳምንት ወተትን ይተው፤ በማኪያቶ ያለውንም፣ በሻይ ያለውንም። ሆዱ ካረፈ፣ ከምሳ ጋር ግማሽ ስኒ የፈላ ወተት ይጠጣና እስከ ማታ ይጠብቅ። ምንም ካላለው በሌላ ቀን አንድ ስኒ ያድርገው። የሚታወክበትን መጠን ሲያገኝ፣ ከዚያ በታች የእሱ ልክ ነው። በዚህ መካከል ሰገራው ላይ ደም ካየ፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ወይም ትኩሳት ካለው ግን ነገሩ የላክቶስ አይደለምና ሙከራውን ትቶ ይመርመር። የእኔ ልክ ከቁርስ በኋላ አንድ ትንሽ ማኪያቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ አሁንም ከዚራ፣ እዚያው ጥላ ሥር እጠጣታለሁ።

ከመግቢያው አጠገብ የተቀመጡት አባት እጃቸውን ካወጡ ቆይተዋል። ማይክሮፎኑን እዚያ አድርሱላቸው።